ስለ ቃጫ፥ ስለ ክርና ስለ ሸክላ የእንግሊዝኛ ስሞች

ከጉራጌ አገር ወጥቶ ወደ ገበያ የሚሄደው ዕቃ በአገሩ ሰው ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ሲሆን ግን ወረቀቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ስሙን ለይቶ ያላወቀ ሹም አንዱን በሌላው ተክቶ ቢፈርም ነጋዴው ይከስራል፥ ገበሬውም የድካሙን ዋጋ ያጣል። ስለዚህ በጅማ መንገድ በወልቂጤ፥ በሆሳዕናም መንገድ በቡታጅራ በኩል ያሉ ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች የሚከተለውን ቢያስተውሉ ይጠቅማል።

1ኛ፤ ስለ ቃጫ። እንግሊዞች ፋይበር የሚሉት ቀጭንና ረጅም የሆነውን ጭረት ሁሉ ነው። ጥጥም፥ የበግ ጠጕርም፥ ቃጫም ፋይበር ይባላል። ስለዚህ ፋይበር ብሎ ብቻ መጻፍ ጤፉን ከገብስ ሳይለዩ እህል ብሎ እንደ መጻፍ ነው። ከተክል የሚገኘው በሦስት ይከፈላል። ጥጥ በዘሩ ላይ የሚበቅል ጠጕር ነው። ጁትና ሄምፕ ከግንዱ ልጥ ይላጣሉ፤ ጁት በቤንጋል በብዛት የሚዘራ ሲሆን ጆንያ ይሠራበታል። ሲሳል ግን ከቅጠል ይፋቃል። ትውልዱ ከሜክሲኮ፥ ስሙም ከዚያው አገር ወደብ ነው፤ በ1893 እ.ኤ.አ. ወደ ዛሬዪቱ ታንዛንያ ገብቶ በምሥራቅ አፍሪካ ተስፋፋ።

የእንሰት ቃጫ የሚገኘው ተጠቅልሎ ግንድ ከሚመስለው የቅጠል እግር ነው። የቅርብ ዘመዱ በፊሊፒን ደሴቶች የሚበቅለው አባካ ነው፤ ሁለቱም ከሙዝ ወገን ናቸው፥ በጥንካሬም ይተካከላሉ ተብሎ ተጽፎአል። አባካ በንግድ ወረቀት ማኒላ ሄምፕ ይባላል፥ ነገር ግን ሄምፕ አይደለም። እውነተኛው ሄምፕ ሐሺሽ ከሚወጣበት ተክል ጋር አንድ ወገን ስለ ሆነ፥ ይህን ስም በቃጫ ላይ የጻፈ ሰው ጭነቱን በከንቱ ያስጠረጥራል። ትክክለኛው አጻጻፍ ኤንሴት ፋይበር ነው።

2ኛ፤ ስለ ክር። ለሽመና የተዘጋጀው ፈትል ያርን፥ የመስፊያው ክር ትሬድ፥ ሲባጎው ትዋይን፥ ወፍራሙ ገመድ ሮፕ ይባላል። በሸማኔው ዕቃ ላይ ድሩ ዋርፕ፥ ማጉም ዌፍት ነው።

3ኛ፤ ስለ ሸክላ። በአማርኛ ሸክላ ሲባል አፈሩም፥ ከእሳት የወጣው እንስራም፥ ጡቡም ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ ግን አፈሩ ክሌይ፥ የተሠራው ዕቃ ፖተሪ፥ ጡቡ ብሪክ ነው። ጀበና ልኮ ክሌይ ብሎ የጻፈ ሰው የሚጠይቀው የአፈር ዋጋ ነው፤ የሠሪዪቱ ጥበብ ሳይቈጠር ይቀራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ባለ ሙያ በሥራው እንዳይሰደብ ከልክለዋል፤ ሥራውን በትክክለኛ ስሙ መጥራትም ከማክበር ይቈጠራል።

ነገር ግን ስሙ ቢቀና ዕቃው ካልጠራ አይረባም። ሴቶች የቅጠሉን እግር በጣውላ ላይ አጋድመው በተሰነጠቀ ቀርከሃ ሲፍቁት ሥጋው ለቆጮ፥ ከጭማቂው የሚዘቅጠው ለቡላ ይሆናል፤ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ነው። ሥጋው ሳይጠራ የቀረ ቃጫ ይጠቍራል፥ ይበሰብሳልም። ስለዚህ ዕለቱን አጥቦ ማድረቅ፥ ረጅሙንም ካጭሩ ለይቶ ማሰር ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ተክሉን መጠበቅ ይገባል። እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በ1968 እ.ኤ.አ. በሊቃውንት ተለይቶ ታውቆአል። ከታመመው ወደ ጤነኛው ከሚያሻግሩት አንዱ የመቍረጫው ቢላዋ ነው። የታመመውን ነቅሎ መቅበር፥ ቢላዋውንም በእሳት ማንጻት እንዲለመድ ሹማምንት ሕዝቡን ያስረዱ። እንሰት ከጠፋ ቃጫው ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡ ምግብ አብሮ ይጠፋልና።