የሚያጽናናውን ማን ያጽናናዋል?

ለሊቃውንትና ለመዘምራን ስለሚያስፈልግ የሥነ ልቡና ድጋፍ

በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የሚታይ አንድ ሥዕል አለ። ቅዱስ ያሬድ ጸናጽሉንና መቋሚያውን ይዞ ይዘምራል፤ ዐፄ ገብረ መስቀል በፊቱ ቆሞ ያዳምጣል፤ የንጉሡ ጦር ግን በሊቁ እግር ላይ ተተክሎ ደሙ ይፈስሳል። ታሪኩ እንደሚነግረን ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ስለ ነበር ንጉሡ መውጋቱን፣ ሊቁም መወጋቱን አላወቁም። ቁስሉ የታወቀው ዜማው ካበቃ በኋላ ነው። አባቶቻችን ይህን የሚያስተምሩን የተመስጦን ክብር ለማሳየት ነው፤ ትምህርቱም እንደ ተጠበቀ ነው። እኛ ግን ከዚያው ታሪክ አጠገብ አንድ ጥያቄ ለማንሣት እንወዳለን። ዛሬ በየአጥቢያችን የሚያገለግሉ ሊቃውንትና መዘምራን አገልግሎታቸውን ፈጽመው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ቁስላቸውን የሚያይላቸው ማን ነው?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሰው ሲሞት ቤተ ሰብ ያለቅሳል፣ ጎረቤት ያለቅሳል፤ መሪጌታው ግን ማልቀስ አይችሉም፤ እርሳቸው ካለቀሱ ፍትሐቱን የሚመራ አይኖርምና። በማግሥቱ ሠርግ ይኖራል፤ በሳልስቱ የንግሥ ዋዜማ ይደርሳል። የራሳቸው ወንድም በሞተበት ሳምንትም ቢሆን ተራቸው ከደረሰ ይቆማሉ። የአብነት ተማሪውም ከወላጆቹ ርቆ፣ ቁራሽ ለምኖ እየበላ፣ ሌሊቱን በቃል ጥናት ያሳልፋል። የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ደግሞ ከሥራና ከትምህርት በተረፈቻቸው ሰዓት እየተለማመዱ በሕዝብ ፊት ይቆማሉ። እነዚህ ሁሉ የሌላውን ኀዘንና ደስታ በድምፃቸው የሚሸከሙ ናቸው። የራሳቸውን ሸክም ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቃቸው የለም።

የዳዊት በገና ሁለት ገጽ

ስለ ዜማ ፈዋሽነት ስንናገር ሁላችንም የምንጠቅሰው የሳኦልንና የዳዊትን ታሪክ ነው (1ኛ ሳሙ. 16፥14–23)። ክፉ መንፈስ ንጉሡን ባስጨነቀው ጊዜ ዳዊት በገና ይደረድርለት ነበር፤ ሳኦልም ያርፍ፣ ይሻለውም ነበር። ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ከሁለት ምዕራፍ በኋላ ያው ዳዊት ያንኑ በገና እየደረደረ ሳለ ሳኦል ጦር ወረወረበት (1ኛ ሳሙ. 18፥10–11)። ሌላውን ሲያሳርፍ የነበረው ዘማሪ ራሱ ሸሽቶ በዋሻና በበረሃ ተንከራተተ። በዚያ ጊዜ በገናው ብቻ አልበቃውም፤ ሰው አስፈለገው። ዮናታን ወደ ምድረ በዳ ድረስ ሄዶ አበረታው (1ኛ ሳሙ. 23፥16)። ዘማሪ መሆን ከጭንቀት እንደማያስጥል፣ ዘማሪውም ዮናታን እንደሚያስፈልገው ከዚህ እንማራለን።

በዜማ የሚሰጥ ሕክምና ምንድን ነው?

በዓለም ላይ “ሙዚቃ ቴራፒ” እየተባለ የሚጠራው ሙያ ሥርዓት ያለው ትምህርት ሆኖ መሰጠት የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። በአሜሪካ ለቆሰሉና አእምሯቸው ለታወከ ወታደሮች በሆስፒታል የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ለውጥ ማምጣታቸው በመታየቱ እ.ኤ.አ. በ1944 ዛሬ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ተቋም የመጀመሪያው የዲግሪ ትምህርት ተከፈተ፤ በ1950ም የባለሙያዎቹ ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ ከ3000 በላይ ጥናቶችን መርምሮ ኪነ ጥበብ በሽታን በመከላከልም ሆነ ሕሙማንን በማገዝ ረገድ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል።

ሙያው ዜማ ከፍቶ ማሰማት ማለት አይደለም። የሠለጠነው ባለሙያ ከታማሚው ጋር ተነጋግሮ ዓላማ ይወስናል፤ አብሮት ያዜማል፣ ይመታል፣ ያዳምጣል፤ ለውጡንም ይከታተላል። ዜማ የሚያሳርፍበትም ምክንያት ከሰውነታችን አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። ረጅም ዜማ ትንፋሽን ያረዝማል፤ ትንፋሽ ሲረዝም የልብ ምት ይረጋጋል። በኅብረት የሚዘመር ዜማ ብቸኝነትን ያቀልላል፤ በቃል ሊነገር ያልቻለውም ኀዘን መውጫ ያገኛል። ከበሮና ጸናጽል ዝም በሚሉበት በዐቢይ ጾም ወራት አሥር አውታር ያለውን በገና የሚያዳምጥ ምእመን ይህን ያለ አስረጂ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንለይ ይገባል። በቤተ ክርስቲያናችን ዜማ በመጀመሪያ ጸሎትና ምስጋና ነው፤ መጽናናቱ ከዚያ የሚገኝ ፍሬ ነው። ስለዚህ ማኅሌትን ወደ ሕክምና ክፍለ ጊዜ እንለውጥ አንልም። የምንለው፣ ስለ ሰው ነፍስና ሥጋ ከባለሙያዎች የተገኘው እውቀት አገልጋዮቻችንን ለመጠበቅ ይረዳናል ነው።

የዜማ አገልጋይ ፈተና ለምን ይለያል?

ለምእመኑ ዜማ ዕረፍት ነው። ለአገልጋዩ ግን ዕረፍትም፣ ኃላፊነትም፣ ፈተናም ነው፤ ለብዙዎቹም መተዳደሪያ ነው። ያዘነ ምእመን ዜማ ሲሰማ ይጽናናል፤ ያዘነ መሪጌታ ግን ዜማውን ሲሰማ ምልክቱ የት ላይ እንደ ተዘለለ ያስተውላል። ሌላውን የሚያሳርፈው ነገር እርሳቸውን ወደ ሥራ ይመልሳቸዋል። በሙያው የሠለጠኑ ሰዎች ሙዚቀኞችን ሲረዱ ከሚያደርጓቸው ነገሮች አንዱ ያለ አድማጭ፣ ያለ እርማትና ያለ ውጤት የሚያዜሙበትን ጊዜ መስጠት የሆነውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ፍርሃት ነው። በጉባኤ መካከል ለመምራት የተመደበ ወጣት ልቡ በኃይል ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አፉ ይደርቃል፣ ትንፋሹ ያጥራል። ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም፤ አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ቅመም ሰውነትን ለአደጋ የሚያዘጋጅበት የተፈጥሮ ሥርዓት ነው። የዘማሪው መሣሪያ ግን ትንፋሹና ጉሮሮው ስለሆነ ፍርሃቱ የሚፈራለትን ነገር ራሱን ያበላሽበታል። አንድ ጊዜ ድምፁ ከተሰበረ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ይፈራል፤ ይበልጥ በፈራ ቁጥርም ድምፁ ይበልጥ ይሰበራል።

አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪት እናስብ። በንግሥ በዓል በሕዝብ ፊት ድምፅዋ ተቋረጠ። አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾት ስለ ነበር በማግሥቱ በቴሌግራምና በቲክቶክ ተዘዋወረ፤ ሰዎችም ሳቁ። ልጅቱ ለልምምድ መምጣት አቆመች። በመቅረት መዝገቡ ላይ ሦስት ጊዜ “አልመጣችም” ተብሎ ተጻፈ፤ በአራተኛው ስምዋ ተሰረዘ። ከቤትዋ ሄዶ “እንዴት ሰነበትሽ?” ያላት ግን የለም። እንዲህ ያለውን ነገር በአጥቢያችን አላየንም ለማለት የምንችል ስንቶቻችን ነን?

ቅዱስ ያሬድም በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት መምህሩና አጎቱ አባ ጌዴዎን በቀጡት ጊዜ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር እንደ ተቀመጠ ይነገራል። ትሏ እየወደቀች ደጋግማ ወደ ዛፉ ስትወጣ አይቶ ተጽናና። ሲመለስ ግን መምህሩ ተቀበለው፤ ዳግመኛም አስተማረው። ትሏን እናስታውሳለን፤ የተከፈተውንም በር ማስታወስ ይገባናል። በሩ ተዘግቶ ቢያገኘው ኖሮ ምን እናጣ እንደ ነበር ማሰብ ይበቃል።

ሰበካ ጉባኤ ምን ማድረግ ይችላል?

ለዚህ ሥራ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የሚከተሉት በየትኛውም አጥቢያ፣ በገጠርም በከተማም፣ ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው።

አንደኛ፣ ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት የሥነ ልቡና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ የሥራው መሠረት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። የቀረውን አገልጋይ ማስተዋል፣ ሄዶ ሳይገሥጹና ሳያቋርጡ ማዳመጥ፣ ከዚያም ከሚረዳው ሰው ጋር ማገናኘት ነው። ለዚህ የሚሆን ምስጢር ጠባቂ የሆነ አንድ አባትና አንዲት እናት መመደብ ጥሩ ነው። የተነገራቸውም ነገር በቃለ ጉባኤ አይጻፍ፤ ስምም አይጠቀስ።

ሁለተኛ፣ ተራን ማስተካከል። ኀዘን የደረሰበት መሪጌታ ወይም ዘማሪ ቢያንስ ለአንድ ወቅት ከፍትሐት ተራ እንዲያርፍ፣ በምትኩም ሌላ እንዲቆም አስቀድሞ ይወሰን። ዕረፍቱ ደሞዙንና ድርሻውን የሚያሳጣው ከሆነ ማንም አያርፍም፤ ስለዚህ ክፍያው እንዳይቋረጥ በዓመታዊው እቅድ ውስጥ ትንሽ ገንዘብ ይያዝ።

ሦስተኛ፣ እርማትን በሥርዓት መስጠት። ዜማችን ያለ እርማት አይጠበቅም፤ ነገር ግን እርማት በልምምድ ቦታ እንጂ በሕዝብ ፊት አይሁን። በአገልግሎት ጊዜ የተሳሳተን ሰው በስልክ ቀርጾ ማሰራጨትንም ሰበካ ጉባኤው በግልጽ ይከልክል።

አራተኛ፣ ያለ እርማት የሚዜምበት ሰዓት መስጠት። በወር አንድ ቀን መዘምራኑ ተሰብስበው የሚወዱትን መዝሙር እንዲያዜሙ፣ በገና የሚደረድር ካለ እንዲደረድር፣ ከዚያም ጠበል ጸዲቅ ቀምሰው እንዲጨዋወቱ ማድረግ ነው። በዚያ ቀን ማንም ማንንም አያርም።

አምስተኛ፣ ትንፋሽንና ድምፅን መጠበቅ። ከአገልግሎት በፊት ለጥቂት ደቂቃ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ መሳብ፣ እስከ ስድስትም እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማውጣት ፍርሃትን ያበርዳል። ሌሊቱን ሙሉ ለቆሙ በማግሥቱ የድምፅ ዕረፍት ይሰጥ፤ ጾም ሲፈታም በቂ ውኃ ይጠጡ። ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ ጎርንኖ ከቆየ የአንገት በላይ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ወደ ሐኪም መቼ?

ኀዘንና ድካም በጊዜ ይቀልላሉ። የልብ መጨለምና ይወዱት የነበረውን ነገር መጥላት ግን ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተከለከለ፣ ሰው ከሰው ከተለየ፣ ጭንቀቱን በመጠጥ ወይም በጫት ለማስረሳት ከሞከረ ድባቴ ወይም ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ የመጀመሪያው በር ነው፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል፣ ሲያስፈልግም እንደ አማኑኤል ወዳሉት የአእምሮ ሕክምና ተቋማት ይላካል። አንድ ሰው ስለ መሞት ወይም ራሱን ስለ መጉዳት ከተናገረ ግን ነገ አይባልም። ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ማድረስ ግዴታ ነው።

ይህን ስንል ጸሎቱንና ጸበሉን ወደ ጎን ማድረጋችን አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን በኤች አይ ቪ ጉዳይ ጸበልንና መድኃኒትን ጎን ለጎን መጠቀም እንደሚቻል አስተምራለች፤ ያ ትምህርት የብዙዎችን ሕይወት ለማቆየት ረድቷል። ለአእምሮ ሕመምም መንገዱ ያው ነው። የንስሐ አባት “መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ተጠመቅ” ሲሉ ቃላቸው ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል። በተቃራኒው “እምነትህ ቢጸና ባልታመምክ” የሚለው አባባል የታመመውን ሰው ሁለት ጊዜ ያቆስለዋል። ነቢዩ ኤልያስ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ በመጀመሪያ ያመጣለት ተግሣጽን አልነበረም፤ እንጎቻና ውኃ ነበር፤ ደግሞም እንዲተኛ ተወው (1ኛ ነገ. 19፥4–8)።

እንግዲህ በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ፣ ከሕንፃው እድሳትና ከገቢው ሪፖርት ቀጥሎ፣ አንድ አጀንዳ እንዲያዝ በትሕትና እናሳስባለን፤ “በዚህ ሦስት ወር ውስጥ ከአገልጋዮቻችን የቀረው ማን ነው? ማንስ ሄዶ ጠየቀው?” የሚል። መልሱ ዝምታ ከሆነ ሥራው ከዚያ ይጀመር። የዳዊትን በገና የምንወድድ ሁሉ ለዳዊት ዮናታን እንሁንለት።

ሊቃውንቱንና መዘምራኑን ልዑል እግዚአብሔር ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።