ያውቁ ኖሯል? ሃርድ ዲስክም አየር ይሻል
በላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃ የምታነበው ሄድ ሳህኑን አትነካም። በደቂቃ 5,400 ጊዜ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ፣ ከፀጉር በሺዎች እጥፍ በቀጠነ አየር ላይ ትንሳፈፋለች። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ዝቅ ትላለች፤ ብዙ አምራቾች የከፍታውን ጣሪያ 3,048 ሜትር ያደረጉት ለዚህ ነው። 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ዳንግላ አታሰጋም፤ እንጅባራም እንደዚያው። ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ግን (እዚያ ላፕቶፕ የሚከፍት ካለ) ነገሩ ሌላ ነው።

የዲስኩ ድምፅስ? ፋይል ሲከፈት ስስ መንኮሻኮሽ፣ ላፕቶፑ ሲጠፋም አንዲት «ቀጭ» ጤናማ ናቸው። «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ ካላቆመ ግን ሄዷ መንገዷን ስታ ይሆናል፤ ፎቶና ሰነዱን ቶሎ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው። ብረት የሚፋቅ ድምፅ ከተሰማ ወዲያው ማጥፋት።

ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤስኤስዲ የተገጠመለት ላፕቶፕ የማንኳኳት ድምፅ ካሰማ፣ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው አቧራ የጠገበው ፋን ነው።