በምርመራው ጠረጴዛ ዙሪያ የቆመው ማን ነው? የጠለፋ አፈታሪክ ወደ ቤተሰብ ፊልም ያደረገው ጉዞ

ከሌላ ዓለም መጥተው ሰውን ስለሚጠልፉ ፍጡራን የሚነገረው ዘመናዊ አፈታሪክ በመሠረቱ የአዋቂዎች የፍርሃት ትረካ ነው። ባለታሪኩ በሌሊት፣ ጭር ባለ መንገድ ላይ፣ ከፈቃዱ ውጭ ይወሰዳል፤ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ይመረመራል፤ ሲመለስም የደረሰበትን አያስታውስም። እንዲህ ያለው ጉዳይ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ገብተው የሚያዩት ፊልም ይሆናል ብሎ መገመት ያስቸግራል። የ1980ዎቹ የአሜሪካ ሲኒማ ግን ይህንኑ አድርጓል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ ፊልሞቹ አፈታሪኩን አለዘቡት የሚል ነው። እኔ የማቀርበው ንባብ ከዚህ ይለያል፤ ፍርሃቱ ቦታውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። የምርመራው ጠረጴዛ በነበረበት ቀርቶ በዙሪያው የሚቆሙት ሰዎች ሆኑ።

አፈታሪኩ ዛሬ የምናውቀውን ቅርጽ የያዘው ቤቲ እና ባርኒ ሂል በተባሉ ባልና ሚስት ታሪክ ነው። ጥንዶቹ በሴፕቴምበር 1961 ከካናዳ ወደ ኒው ሃምፕሻየር በመኪና ሲመለሱ እንግዳ ብርሃን ተከተለን አሉ፤ ቤታቸው ሲደርሱም ሁለት ሰዓት ያህል የት እንደገባ ማወቅ አልቻሉም። በ1964 ቤንጃሚን ሳይመን የተባለ የቦስተን የአእምሮ ሐኪም በሂፕኖሲስ ሲጠይቃቸው የመያዝና የመመርመር ታሪክ ተናገሩ። ሐኪሙ ራሱ ታሪኩ ከሚስቲቱ ሕልሞች የመነጨ እንደሆነ ያምን ነበር፤ አፈታሪኩ ግን የሐኪሙን አስተያየት ትቶ የሕሙማኑን ቃል ይዞ ተጓዘ። በ1966 መጽሐፍ፣ በ1975 ደግሞ የቴሌቪዥን ፊልም ሆነ። የፎክሎር ተመራማሪው ቶማስ ቡላርድ በ1987 ይፋ ባደረገው ሰፊ ጥናት የዚህን ዓይነት ትረካዎች ሰብስቦ ስምንት ክፍሎች ለይቶባቸዋል፦ መያዝ፣ ምርመራ፣ ውይይት፣ የመንኮራኩሩ ጉብኝት፣ የሌላ ዓለም ጉዞ፣ መንፈሳዊ መገለጥ፣ መመለስና ከዚያ በኋላ የሚከተለው መዘዝ። ሁሉም ክፍሎች በሁሉም ትረካዎች አይገኙም፤ በሚገኙበት ጊዜ ግን ቅደም ተከተላቸውን የመጠበቅ ዝንባሌ አላቸው። ለእኛ ዋናው ሁለተኛው ክፍል፣ ምርመራው፣ ነው።

ከአፈታሪክ ወደ ቤተሰብ ፊልም የተደረገውን ሽግግር ደረጃ በደረጃ ለመከተል ከሁሉ የሚመቸው የ«ኢ.ቲ.» የአዘገጃጀት ታሪክ ነው። መነሻው በኬንታኪ ግዛት ከሆፕኪንስቪል ከተማ አጠገብ በምትገኘው ኬሊ የተባለች የገጠር መንደር የተፈጸመ ነው ይባላል። በኦገስት 21 ቀን 1955 ምሽት አዋቂዎችና ሕፃናት የሚገኙባቸው ከዐሥር የሚበልጡ ሰዎች በሁለት መኪና ተጭነው ወደ ፖሊስ ጣቢያ መጡ። ጆሯቸው ትልልቅ፣ ዓይናቸው የሚያበራ፣ እጃቸው ጥፍራም የሆነ አጫጭር ፍጡራን የእርሻ ቤታችንን ከበቡት፤ ለሰዓታት በጠመንጃ ስንከላከል ቆየን አሉ። ፖሊሶች ሄደው የጥይት ምልክት ቢያገኙም ፍጡራኑን አላገኙም። ኋላ ላይ ጉዳዩን የመረመሩ ተጠራጣሪዎች ቤተሰቡ ያየው ትልልቅ ጉጉቶችን ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ጆሮ የሚመስለውን ላባ፣ በብርሃን የሚያንጸባርቀውን ዓይንና ድምፅ አልባውን በረራ አንድ ላይ ለሚያስብ ሰው ማብራሪያው አሳማኝ ነው።

ስቲቨን ስፒልበርግ ይህን ታሪክ ያገኘው በ1977 የወጣውን «ክሎዝ ኢንካውንተርስ ኦፍ ዘ ሰርድ ካይንድ» በሚያዘጋጅበት ጊዜ ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ አንድ ሕፃን ከእናቱ እጅ ተነጥቆ ይወሰዳል፤ ትዕይንቱ ዛሬም ያስፈራል። ከዚያ በኋላ የኬሊን ታሪክ መሠረት አድርጎ «ናይት ስካይስ» የተሰኘ አስፈሪ ፊልም አቀደ፤ ጆን ሴይልስም የፊልም ጽሑፉን ጻፈ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ቤተሰቡን ከሚያውኩት ፍጡራን መካከል አንዱ ብቻ ደግ ነው፤ ከቤቱ ልጅ ጋር ይወዳጃል፣ በመጨረሻም ጓደኞቹ ትተውት ይሄዳሉ። ፊልሙ ሳይሠራ ቀረ። ስፒልበርግ በቱኒዚያ በሌላ ፊልም ቀረጻ ላይ ሳለ ይህን ክፍል ለሜሊሳ ማቲሰን አነበበላት፤ እርሷም የተተወውን ፍጡር ብቻ አንሥታ አዲስ ታሪክ ጻፈች። የቀረው ፍርሃት ወዴት ሄደ? ከፊሉ ስፒልበርግ በጸሐፊነትና በአዘጋጅነት በተሳተፈበት «ፖልተርጋይስት» ውስጥ ይገኛል ማለት ይቻላል፤ እዚያ ቤቱ ይከበባል፣ ትንሿም ልጅ ትጠለፋለች። ሁለቱ ፊልሞች በጁን 1982 በአንድ ሳምንት ልዩነት ለእይታ መብቃታቸው ለዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚመች አጋጣሚ ነው።

ይሁን እንጂ ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላው ፊልም አልተሰደደም። «ኢ.ቲ.»ን የቡላርድን ዝርዝር ይዘን ብናየው አብዛኛው ክፍል ተገልብጦ እናገኘዋለን። በሌሊት ጫካ ውስጥ የሚታደነው ባዕዱ ፍጡር ነው፤ አዳኞቹ የእጅ ባትሪ የያዙና የቁልፍ እንጥልጥል የሚያቃጭሉ ሰዎች ናቸው። ካሜራው በልጅ ቁመት ስለሚቆም ከእናቲቱ በቀር የአዋቂዎች ፊት ለረጅም ጊዜ አይታይም። በአፈታሪኩ ፊታቸው የማይለየው ጠላፊዎቹ ነበሩ፤ እዚህ ግን የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። የጠፈር ልብስ ለብሰው በበርና በመስኮት ወደ ቤት የሚገቡትም እነርሱ ናቸው፤ ይህ ትዕይንት ከኬሊው የቤት ከበባ ጋር ያለው ተመሳሳይነት ችላ የሚባል አይደለም። ከዚያም ምርመራው ይመጣል፦ ኢ.ቲ. እና ኤሊየት ጎን ለጎን ተኝተው በሽቦና በመሣሪያ ተከብበዋል። በትዕይንቱ ከሚታዩት ሐኪሞች ብዙዎቹ በእውነቱም ዓለም የሕክምና ባለሙያዎች ናቸው፤ የሚለዋወጡት የሙያ ቃል ለልጅ ተመልካች የባዕድ ቋንቋ ያህል የራቀ ነው። በመጨረሻም ጠለፋው ራሱ ወደ ግብዣነት ይለወጣል። ፍጡሩ ልጁን አብረን እንሂድ ይለዋል፤ ልጁ እምቢ ይላል፤ እምቢታውም ይከበርለታል። በሂል ጥንዶች ታሪክ ውስጥ ፈጽሞ የሌለው ነገር ይህ ነው።

ግልበጣው የ«ኢ.ቲ.» ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው በ1986 ራንዳል ክላይዘር ያዘጋጀውና ዲዝኒ ያሠራጨው «ፍላይት ኦፍ ዘ ናቪጌተር» ነው። እዚህ ጠለፋው እንዳለ ቀርቷል። የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ዴቪድ በ1978 የአሜሪካ የነጻነት በዓል ምሽት በፍሎሪዳ ጫካ ውስጥ ገደል ውስጥ ይወድቃል፤ ሲነቃ ጥቂት ደቂቃ ያለፈ ይመስለዋል። ወደ ቤቱ ሲሄድ በሩን የሚከፍቱለት የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ስምንት ዓመት አልፏል፤ ወላጆቹ አርጅተዋል፤ ታናሽ ወንድሙ ታላቁ ሆኗል፤ እርሱ ግን አንድ ቀን አላደገም። የሂል ጥንዶች ሁለት የጠፉ ሰዓታት እዚህ ስምንት ዓመት ሆነዋል። ፊልሙ ይህን በአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ለማስረዳት ይሞክራል፤ ስሌቱ ግን አይሠራም። 560 የብርሃን ዓመት ርቆ ወደሚገኝ ዓለም ደርሶ ለመመለስ ለብርሃን እንኳ በምድር አቆጣጠር 1,120 ዓመት ያስፈልገዋል። ስምንት የተመረጠው ለሳይንሱ ሲባል ሳይሆን እናትና አባት በሕይወት እንዲገኙ ይመስለኛል፤ የቤተሰብ ፊልም የሚችለው የጊዜ መጥፋት መጠን ይህን ያህል ነው።

ለክርክሬ ከሁሉ የሚጠቅመው ማን ሲመረምር እንደምናይ ነው። መንኮራኩሩ ዴቪድን በእርግጥ መርምሮታል፤ አእምሮውን በከዋክብት ካርታ ሞልቶታል፤ ይህን ግን ኋላ ላይ በቀልድ መልክ ሲነገር ብቻ እንሰማለን። በዓይናችን የምናየው ምርመራ የናሳ ነው፦ ልጁ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዟል፣ 48 ሰዓት ብቻ ተብሎ የተሰጠው ቃል ይታጠፋል፣ በሩ ይቆለፋል። የጠላፊው ምርመራ ከመጋረጃ ጀርባ ሲቀር የቢሮው ምርመራ ፊት ለፊት ወጣ።

የጠፋ ጊዜ ጭብጥ በራሱ ከበራሪ ሳሕኖች እጅግ ይቀድማል። በስቲዝ ቶምሰን የጭብጦች ማውጫ ውስጥ «ዓመታት እንደ ቀናት የታሰቡበት» በሚል ሐሳብ የራሱ ቁጥር አለው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚቀርበው ምሳሌ በተረፈ ባሮክ የሚገኘው የአቤሜሌክ ታሪክ ነው። ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ለቅሞ ሲመለስ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፍ ይላል፤ 66 ዓመት ይተኛል፤ ሲነቃ የበለሱ ወተት ገና ይንጠባጠባል። ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ ከተማይቱን ማወቅ አቅቶት መንገድ የሳተ ይመስለዋል። ይህ ክፍል ከዴቪድ የቤት መምጣት ጋር ያለው ተመሳሳይነት ያስደንቃል፤ አንዱ ከሌላው ተቀዳ ለማለት ግን ማስረጃ የለም፣ ማለትም አያስፈልግም። ልዩነቱ ይበልጥ ያስተምራል። የአቤሜሌክ እንቅልፍ የከተማይቱን ጥፋት እንዳያይ የተሰጠው ምሕረት ነው፤ ዴቪድ የተወሰደው ለሙከራ ነው። በአቤሜሌክ ታሪክ ማስረጃው በለሱ ነው፤ የሚያገኘው ሽማግሌም ያዳምጠዋል፣ በለሱን አይቶም የሆነውን ያምናል። በፊልሙ ማስረጃው የልጁ አካል ራሱ ነው፤ ስለዚህም ይያዛል፣ ይለካል፣ ይቆለፍበታል።

ባለሥልጣናት የጠላፊውን ቦታ የያዙት ከዋተርጌት በኋላ ሕዝቡ በመንግሥት ላይ ያለው እምነት ስለላላ ነው የሚል ማብራሪያ ይቀርባል። ሐሰት ነው አልልም፤ ሆኖም የትረካው የራሱ ፍላጎትም መቆጠር አለበት። ባዕዱ ወዳጅ ከሆነ በኋላ ታሪኩ የሚያስፈራ ሌላ አካል ይፈልጋል፤ አፈታሪኩ ደግሞ ጠረጴዛውን፣ ብርሃኑንና ጭምብሉን አስቀድሞ አዘጋጅቶለታል።

ፍርሃቱ የት እንደ ተቀመጠ ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው «ኢ.ቲ.» በ2002 ለሃያኛ ዓመቱ ተሻሽሎ ሲወጣ የተደረገው ለውጥ ነው። በብስክሌት የሚሸሹትን ልጆች በሚያሳድዱት ሰዎች እጅ የነበሩት ጠመንጃዎች በኮምፒውተር ተነሥተው በእጅ ሬዲዮ ተተኩ። የኢ.ቲ. ፊትም በአንዳንድ ትዕይንቶች ተነካክቷል፤ ይህ ግን አገላለጹን ለማጥራት ነበር። ለልጆች ይከብዳል ተብሎ የለዘበው የሰዎቹ እጅ ነው። ስፒልበርግ በኋላ በለውጡ እንደ ተጸጸተ በይፋ ተናግሯል፤ በ2012 በወጣው የሠላሳኛ ዓመት እትምም ጠመንጃዎቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል።