የፒክአፕ ጎማ ምርጫ ለበረዶ ወራትና ከመንገድ ውጭ ለመንዳት

ለበረዶና ከመንገድ ውጭ ለመንዳት የሚሆን ጎማ ማለት አንድ ፒክአፕ ወይም ሌላ ቀላል የጭነት መኪና በረዶ በያዘው አስፋልት ላይም፣ በጭቃ፣ በአሸዋና በድንጋያማ ቦታም እንዲሄድ የሚገጠምለት ጎማ ነው። ጥያቄው በተለይ የሚነሳው በሰሜን አሜሪካ፣ በሰሜን አውሮፓና በአይስላንድ ነው። በእነዚህ አገሮች አንድ መኪና ከሰኞ እስከ ዓርብ በአውራ ጎዳና ሥራ ይመላለሳል፤ ቅዳሜ ደግሞ ወደ ጫካና ወደ ተራራ ይወጣል። ሁለቱ ሥራዎች ከጎማው የሚፈልጉት ነገር አንድ አይደለም፤ በአንዳንድ ነጥብ እንዲያውም ተቃራኒ ነው። «ጥርሱ የገዘፈ ጎማ በበረዶም ላይ ይበልጣል» የሚለው የተለመደ ግምት በከፊል ብቻ እውነት ነው፤ ስህተቱም ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው መኪናው ሲነሳ ሳይሆን ፍሬን ሲያዝ ነው።

በአማርኛ «ክረምት» የዝናብ ወቅት ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ የቀዝቃዛዎቹን አገሮች ወቅት ለመግለጽ «የበረዶ ወራት» የሚለው ተመርጧል።

የበረዶው ዓይነት

«በረዶ» የሚለው ቃል ከሰማይ የሚወርደውንም መሬት ላይ የተጋገረውንም ስለሚያጠቃልል ለጎማ ጉዳይ ከፋፍሎ ማየት ያስፈልጋል። አዲስ የወረደ ልል አመዳይ እንደ አሸዋ ነው፤ ጎማው ሊሰምጥበት ይችላል። በመኪኖች የተረገጠ አመዳይ ጠጠር ያለ ሲሆን የጎማ ጥርስ ሊነክሰው ይችላል። ሦስተኛው ቀልጦ እንደገና የረጋው፣ መስታወት የመሰለው በረዶ ነው። ከሁሉ አደገኛው ይህ ነው፤ በላዩ ላይ በጣም ስስ የሆነ የውሃ ሽፋን ስለሚኖር ላስቲኩ የሚይዘው ነገር ያጣል። በረዶው ይበልጥ የሚያንሸራትተው የአየሩ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ብርዱ እጅግ ሲበረታ ግን የውሃው ሽፋን ስለሚሳሳ ጎማው በአንጻሩ የተሻለ ይይዛል።

ጥርስና ላስቲክ

አመዳይን የሚይዘው አመዳይ ነው። በበረዶ ጎማ ጥርሶች መካከል ያለው ቦይ አመዳዩን አጭቆ እንዲይዝ ተደርጎ የተቀረጸ ነው፤ በቦዩ ውስጥ የታጨቀው አመዳይ መሬት ላይ ካለው አመዳይ ጋር ሲገናኝ፣ ላስቲክ ብቻውን ከሚሰጠው የበለጠ መያዣ ይፈጠራል። የጭቃ ጎማ አሠራር የዚህ ተቃራኒ ነው። ጭቃ በጥርሶቹ መካከል ከቆየ ጎማው ለስልሶ እንደ ኳስ ይሆናል። ስለዚህ የጭቃ ጎማ ጥርሶች ትልልቅ ሆነው የተራራቁ ናቸው፤ ጎማው ሲሽከረከር የያዘውን ሁሉ አሽቀንጥሮ ይጥላል። ጥልቅ ልል አመዳይ ውስጥ ይህ ጠባይ ይጠቅማል፤ እየቆፈረ ይሄዳል። በተረገጠ አመዳይና በመስታወት መሰሉ በረዶ ላይ ግን ጥቅሙ ይጠፋል።

ሁለተኛው ልዩነት በየጥርሱ ላይ የሚታዩት እንደ ምላጭ የቀጠኑ ስንጥቆች ናቸው። የበረዶ ጎማ በብዛት አሉት። ጥርሱ መሬት ሲረግጥ ስንጥቆቹ ይከፈቱና እያንዳንዳቸው ተጨማሪ የሚነክስ ጠርዝ ይሆናሉ፤ ስሱን የውሃ ሽፋንም ይቀበላሉ። ለድንጋያማ ቦታ የተሠራ ጎማ ግን ብዙ ስንጥቅ ሊኖረው አይችልም፤ ጥርሱ በሹል ድንጋይ እየተቀደደ ይረግፋልና።

ሦስተኛው ላስቲኩ ራሱ ነው። ተራ የበጋ ጎማ የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያንስ እየጠጠረ መያዣው ይቀንሳል ተብሎ በተለምዶ ይነገራል፤ ቁጥሩ እንደ በር የሚዘጋ ድንበር አይደለም፣ ግን ጎማ ለመቀየር ጥሩ ማስታወሻ ነው። የበረዶ ጎማ ላስቲክ በብርድ ለስላሳነቱን እንዲጠብቅ ሲሊካ በብዛት ይገባበታል። ያው ልስላሴ በሞቃት አስፋልት ላይ ጎማው ቶሎ እንዲያልቅ፣ በድንጋይ ላይ ደግሞ በቀላሉ እንዲቆረጥ ያደርገዋል። ለድንጋይ የሚበረታው ላስቲክ በአንጻሩ በብርድ ግትር ነው። ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ የሚያሟላ ላስቲክ እስካሁን የለም፤ በገበያ ላይ ያለው ሁሉ በሁለቱ መካከል የተደረገ ስምምነት ነው።

የበረዶ ጎማ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከጭነት መኪና ነው። ዛሬ ኖኪያን የሚባለው የፊንላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1934 ያወጣው የመጀመሪያው የበረዶ ጎማ ለጭነት መኪኖች የተሠራ ነበር፤ ለቤት መኪና የሚሆነው ሀካፔሊታ የተከተለው በ1936 ነው።

በጎማው ጎን ላይ ያሉ ምልክቶች

«ኤም» እና «ኤስ» የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ጭቃና አመዳይ ማለት ናቸው። ምልክቱ የሚናገረው ስለ ጥርሱ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ጎማው በአመዳይ ላይ ተፈትኖ ማለፉን አያሳይም። ማንኛውም ተራ የፒክአፕ ጎማ ማለት ይቻላል ይህ ምልክት አለው፤ ስለዚህ ለገዢው የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው።

የበለጠ ክብደት ያለው ምልክት ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ሆኖ በውስጡ የአመዳይ ቅንጣት የተሳለበት ነው። በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሲሆን፣ ምልክቱን ለማግኘት ጎማው በተረገጠ አመዳይ ላይ ተፈትኖ ከማነጻጸሪያ ጎማ ቢያንስ በ10 በመቶ ገደማ የበለጠ መያዣ ማሳየት አለበት። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የሰሜን አሜሪካው ፈተና የሚለካው መኪናው ሲነሳና ሲጎትት ያለውን መያዣ መሆኑ ነው። መስታወት በመሰለው በረዶ ላይ ፍሬን ሲያዝ ወይም መታጠፊያ ላይ ጎማው ምን እንደሚሆን ፈተናው አይጠይቅም። በዚህ ምክንያት የተራራው ምልክት ያለው ሁለገብ ጎማና ለበረዶ ብቻ የተሠራ ጎማ አንድ ምልክት ይዘው በበረዶ ላይ እጅግ የተለያየ ርቀት ሄደው ሊቆሙ ይችላሉ።

ሁለገብ የሚባሉት ጎማዎች በጭቃ ጎማና በአስፋልት ጎማ መካከል ያሉ ናቸው። ቢኤፍጉድሪች እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ሁለገብ ራዲያል ጎማ የዚህ ዓይነት ቀዳሚ ሲሆን፣ ዛሬ ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ የተራራውን ምልክት ይዘው ይሸጣሉ። የጭቃ ጎማዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱ የላቸውም።

ስፋትና ንፋስ

ጥልቀቱ ትንሽ በሆነ አመዳይ ላይ ጠባብ ጎማ ይሻላል። የመኪናው ክብደት በትንሽ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ጎማው አመዳዩን ሰንጥቆ ከሥሩ ያለውን ጠንካራ መሬት ይረግጣል። ሥር በሌለው ጥልቅ አመዳይ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሚፈለገው ሳይሰምጡ በላዩ መሄድ ነው። የአይስላንድ ሰዎች ይህን እስከ ጫፍ ወስደውታል። በግግር በረዶ ላይ ለመጓዝ 38 ኢንችና ከዚያ በላይ ቁመት ያላቸው ሰፋፊ ጎማዎች ይገጥማሉ፤ ንፋሱንም ከ5 ፒኤስአይ በታች ድረስ ያጎድላሉ። በዚህ መጠን ጎማው በቸርኬው ሥር ተዘርግቶ ረጅም ምንጣፍ ይመስላል።

ለተራ ፒክአፕ ይህን ያህል መሄድ አያስፈልግም። በአስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ የሚይዝ ጎማ በአሸዋ ወይም በጥልቅ አመዳይ ላይ ወደ 18 ገደማ ቢወርድ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ንፋሱ የጎደለ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ግን ይግላል፤ በድንገተኛ መታጠፊያም ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በዝግታ መንዳት፣ ወደ አስፋልት ከመመለስ በፊትም በኮምፕሬሰር መሙላት ግድ ነው። ብርዱም ራሱ ንፋስ ያጎድላል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ግፊቱ ከ1 ፒኤስአይ በላይ ይቀንሳል። በመስከረም ተለክቶ የተተወ ጎማ በጥር ከሚገባው በታች ሆኖ መገኘቱ ለዚህ ነው።

የመሸከም አቅም

የፒክአፕ ጎማዎች በመሸከም አቅማቸው «ሲ»፣ «ዲ» እና «ኢ» በሚሉ ፊደላት ይመደባሉ፤ በቀድሞው አቆጣጠር ባለ 6፣ ባለ 8 እና ባለ 10 ድርብ የሚባሉት ናቸው። «ኢ» ከባድ ጭነት ይሸከማል፣ ጎኑም በሹል ድንጋይ በቀላሉ አይቀደድም። ነገር ግን ግትር ነው። ባዶውን በሚሄድ ቀላል ፒክአፕ ላይ ከተገጠመ መሬቱን ተመቻችቶ አይረግጥም፤ ይህም በበረዶ ላይ ጉዳት ነው። ከባድ ነገር የማይጭን፣ የማይጎትት ሰው «ኢ»ን የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ለመልኩ ነው።

ፒክአፕ ሲሠራም ክብደቱ ወደ ሞተሩ ያደላ ስለሆነ ባዶ ሲሆን የኋላው እግር ቀሎ ይንሸራተታል። በበረዶ ወራት ከኋላ ጥቂት የአሸዋ ከረጢት ጭኖ በደንብ ማሰር የቆየ ዘዴ ነው፤ መኪናው ከተያዘ አሸዋው ለመበተንም ያገለግላል። በአራቱም እግር የሚጎትት መኪና ለመነሳት ይረዳል እንጂ ለመቆም አይረዳም፤ ፍሬን ሁሉም መኪና በአራት እግሩ ነው የሚይዘው። የበረዶ ጎማ በሁለት እግር ብቻ መግጠምም አይመከርም፤ የተለያየ መያዣ ያላቸው ፊትና ኋላ መኪናውን ያዞሩታል። በአራት እግር በሚጎትት መኪና ላይ ደግሞ የጎማዎቹ ቁመት ካልተመሳሰለ የማርሽ ክፍሎቹ ይጎዳሉ።

ሕግ

በካናዳ የኬቤክ ክፍለ ሀገር ቀላል መኪኖች ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የበረዶ ጎማ እንዲገጥሙ ያስገድዳል። በጀርመን ቀኑ አልተቆረጠም፤ መንገዱ በረዶ ከያዘ ግን የተራራው ምልክት ያለው ጎማ ያስፈልጋል፣ ከኦክቶበር 2024 ወዲህም «ኤም» እና «ኤስ» የሚለው ብቻውን ተቀባይነት የለውም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዴንቨር አቅራቢያ ደግሞ የኮሎራዶ ሕግ ወደ ተራራው በሚወጣው የ70 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ የጎማ ጥርስ ጥልቀት ቢያንስ 3/16 ኢንች፣ ማለትም 4.8 ሚሊሜትር ገደማ እንዲሆን ይጠይቃል። በጥርሱ ላይ ብረት የተተከለበት ጎማ በመስታወት መሰሉ በረዶ ላይ ከሁሉ ይበልጣል፤ አስፋልት ስለሚልጥ ግን በጀርመን ክልክል ነው፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ደግሞ የሚፈቀደው ከኖቬምበር እስከ ማርች ብቻ ነው።

አንድ ጎማ ወይስ ሁለት

የሚወስነው መኪናው በዓመት ስንት ቀን በበረዶ ላይ እንደሚነዳ ነው። በረዶ በዓመት ጥቂት ጊዜ በሚጥልበትና መንገዱ ቶሎ በሚጠረግበት ቦታ የተራራው ምልክት ያለው ሁለገብ ጎማ ዓመቱን ሙሉ ሊበቃ ይችላል፤ ሰንሰለት በመኪናው ውስጥ መያዝ ግን አይከፋም። መንገዱ ለወራት በረዶ በሚይዝበት ቦታ ሁለት ዓይነት ጎማ መያዝ ይሻላል፦ ለበረዶ ወራት ጠበብ ያለ የበረዶ ጎማ በራሱ የብረት ቸርኬ ላይ፣ ለቀሪው ጊዜ ሁለገብ ወይም የጭቃ ጎማ። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ስለሚሠራ ሁለቱም ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላሉ። በትክክል የሚጨመረው ወጪ የቸርኬውና የማስቀመጫው ነው። ሆኖም ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል፣ ይጠጥራልም። የጎማው ዕድሜ በጎኑ ላይ ካሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች ይነበባል፤ 3523 ማለት እ.ኤ.አ. በ2023 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ በበረዶ ላይ የሚነዳ የለም ማለት ይቻላል፤ ፈተናው የዋልካ ጭቃ ነው። ዋልካ ሲርስ ከጥርሱ ጋር ተጣብቆ ጎማውን በአንድ ዙር ስለሚያለሰልሰው ትናንሽ ስንጥቆች ምንም አይረዱም፤ የሚረዳው የተራራቀ ጥርስ ነው። ከቀዝቃዛ አገር በመጣ ፒክአፕ ላይ የተራራው ምልክት ያለው ለስላሳ የበረዶ ጎማ ተገጥሞ ከተገኘ፣ ጥርሱ ያላለቀ ቢሆንም በአፋር ወይም በሌላ ቆላ አስፋልት ላይ ቶሎ ይበላል።