ዙሙ ሲያንስ ዋጋው ለምን ይበዛል?

የእህቴ ልጅ ባለፈው እሁድ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወለችልኝ። ለፋሲካ ወደ አዲስ አበባ ልትመጣ ነው፤ ከመምጣቷ በፊት ካሜራ መግዛት ፈልጋለች። የሠርግ ፎቶ አንሺዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን ትልቁን አይደለም። ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ እናቷ ቡና ስታፈላም፣ መንገድ ላይ ስትሄድም፣ ክፍለ አገር ስትወጣም መዘዝ አድርጋ የምታነሳበት ትንሽ ካሜራ ነው።

«ጋሼ፣ አንተ ሁልጊዜ ስለ ዋጋ ትጽፍ የለ? እስቲ ይቺን ፍታልኝ» አለችኝ። ሁለት ካሜራዎች አይታለች። አንደኛው ካኖን ፓወርሾት ኤስኤክስ740 ነው፤ በ2018 ሲወጣ ዋጋው 400 ዶላር ነበር፤ ዙሙ 40 እጥፍ ያቀርባል። ሁለተኛው በ2019 የወጣው ሶኒ አርኤክስ100 ማርክ 7 ነው፤ በ1,200 ዶላር ገበያ ገባ፤ አሁን ደግሞ ከዚያም በላይ ይጠየቅበታል። የእሱ ዙም 8 እጥፍ ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «አንድ አምስተኛ ዙም ሰጥተውኝ ሦስት እጥፍ ገንዘብ ይቀበሉኛል። ሞኝ ፈልገው ነው ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ?»

ጥያቄዋ የካሜራ ብቻ አይደለም። ገዢ አንድን ዕቃ በካርቶኑ ላይ በታተመው ቁጥር ሲለካ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

«40 እጥፍ» የሚለው ቁጥር ማካፈል ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። የካኖኑ ሌንስ ሰፊውን ሲያይ 24 ሚሊሜትር፣ አርቆ ሲያይ 960 ሚሊሜትር ይባላል። 960 ለ24 ሲካፈል 40 ይመጣል። የሶኒው ከ24 እስከ 200 ነው፤ ስምንት ከትንሽ። ቁጥሩ ሌንሱ ምን ያህል እንደሚዘረጋ ይነግረናል፤ ስለ ምስሉ ጥራት ግን አንድም ቃል አይተነፍስም።

ዋጋው ያለው ከሌንሱ ጀርባ ነው። ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር በካኖኑ ውስጥ 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ አንድ የሽምብራ ፍሬ ይሸፍነዋል። ስፋቱ 28 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል። የሶኒው 13.2 በ8.8፣ ማለትም 116 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ ከአራት እጥፍ በላይ ይሰፋል። በነገራችን ላይ ይህኛው «የ1 ኢንች ሴንሰር» ተብሎ ይሸጣል፤ በማስመሪያ ብትለኩት ግን ከጥግ እስከ ጥግ 16 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ አንድ ኢንች ደግሞ 25.4 ነው። ስሙ የመጣው ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦዎች ነው፤ ያኔ የሚለካው የመስታወቱ ቱቦ ውፍረት ነበር። ቱቦው ከጠፋ ቆይቷል፤ ለሻጭ የሚመቸው ስፍር ግን አልጠፋም።

ትልቅ ሴንሰር ለምን ይወደዳል? እንዲህ አስቡት። ሴንሰር የሚቆረጠው 30 ሴንቲሜትር ከሚሰፋ ክብ የሲሊከን ዝርግ ነው፤ መጠኑ ከአንድ ደህና አምባሻ ጋር ይቀራረባል። አምባሻውን ለማዘጋጀት የሚወጣው ወጪ ቁራሹ ቢበዛም ቢያንስም ያው ነው። ጥግ ጥጉ ላይ የሚባክነውን ካልቆጠርን ከአንዱ ዝርግ ትንሹ ሴንሰር 2,500 ያህል፣ ትልቁ 600 ያህል ይወጣል። አምባሻው ላይ ደግሞ እዚህም እዚያም ያረረ ነጥብ አይጠፋም፤ ነጥቡ ያረፈበት ቁራሽ ይጣላል። ቁራሹ ትንሽ ከሆነ ኪሳራው ትንሽ ነው፤ ትልቅ ከሆነ በአንዲት ነጥብ ብዙ ይጣላል። ስለዚህ ሴንሰሩ በአራት እጥፍ ሲሰፋ ወጪው በአራት እጥፍ ብቻ አያቆምም።

ዙሙም በዚሁ ይታሰራል። ካርቶኑ ላይ ያሉት ሚሊሜትሮች ማወዳደሪያ ናቸው እንጂ የሌንሱ እውነተኛ መለኪያ አይደሉም። ትንሹ ሴንሰር ላይ «960» ለመድረስ ሌንሱ በእውነተኛ መለኪያው 172 ሚሊሜትር ሲሆን ይበቃዋል። በትልቁ ሴንሰር ያንኑ ርቀት ለማቅረብ 350 ሚሊሜትር ገደማ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ኪስ ውስጥ ሳይሆን ትከሻ ላይ የሚውል ዕቃ ነው። ረጅሙ ዙም የተገኘው ሴንሰሩ በማነሱ ነው። 40 እጥፉ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመው አምራቹን ብዙ ስላስወጣው ሳይሆን ለዓይን ስለሚሞላ ነው።

«ታዲያ ስልኬስ?» አለችኝ። ተገቢ ጥያቄ ናት፤ ይህን ገበያ የገደለውም ስልክ ነው። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር እንደመዘገበው አባላቱ በ2010 ሌንሳቸው አብሮ የተገጠመ ከ108 ሚሊዮን በላይ ካሜራዎች ለገበያ ልከዋል። በ2023 የላኩት 1.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከመቶው ካሜራ 98ቱ ጠፋ ማለት ነው። ካሲዮ በ2018 ከኪስ ካሜራ ንግድ ወጣ፤ ኦሊምፐስ በ2020 የካሜራ ክፍሉን ለመሸጥ ወሰነ። ዲጂታል ካሜራን በ1975 በአንድ መሐንዲሱ እጅ የሠራው ኮዳክ በ2012 ኪሳራ አውጆ ነበር። ዛሬ «ኮዳክ» የሚል ስም ያለባቸው ርካሽ የኪስ ካሜራዎች ብታዩ፣ ስሙን በፈቃድ የተከራየ ሌላ ኩባንያ ነው የሚያሠራቸው።

ፈላጊ ሲጠፋ ዋጋ ይወርዳል ተብለን ተምረናል። እዚህ ግን ወጣ። ስልክ ያጠፋው ርካሾቹን ነው፤ የ100 እና የ150 ዶላሩን ካሜራ ሥራ በነፃ ሠራው። የተረፉት ስልክ የማይተካቸው ስለሆኑ ውድ የሆኑት ናቸው። የንድፉና የፋብሪካው ወጪ ደግሞ በጥቂት ካሜራ ላይ ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ይበዛል። አስገራሚው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ወጣቶች በማኅበራዊ ሚዲያ ተያይዘው ወደ ትንሽ ካሜራ ተመለሱ፤ በ2024 ለገበያ የተላከው ካሜራ ቁጥር ወደ 1.9 ሚሊዮን ከፍ አለ። ፋብሪካዎቹ ግን መስመራቸውን አጥፈዋል። ፋሽን ነገ ቢያልፍስ ብሎ የፈራ አምራች አዲስ መስመር አይዘረጋም፤ ያለውን ይዞ ሰው ያሰልፋል። በ2019 በ750 ዶላር የወጣው የካኖን ጂ7 ኤክስ ማርክ 3 ከስድስት ዓመት በኋላ ዋጋው የጨመረው እንደዚህ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲያረጅ ሲወደድ ማየት የተለመደ አይደለም።

የጂ7 ኤክሱን ስም ያነሳሁት ለልጅቷ ያሰብኩት እሱን ስለሆነ ነው። ዙሙ ከ24 እስከ 100 ብቻ ነው፤ አራት እጥፍ ገደማ። የባሰ አነሰ ማለት ነው። ግን ቡናው የሚፈላበትን ቤት አውቀዋለሁ። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ በሩ ገርበብ ይላል፤ ያለችው አንዲት አምፖል ከሶፋው በላይ ናት፤ ዕጣኑ ይጨሳል፣ እህቴ ደግሞ ረከቦቱ ጋ ጎንበስ ብላለች። ፍላሽ ቢበራ ጭሱ ነጭ ግድግዳ ይሆንና ፊቷ ይጠፋል። እዚያ የሚፈለገው ብርሃን የሚሰበስብ ካሜራ ነው። 40 እጥፉ ካኖን ሰፊውን ሲያይ ቀዳዳው ኤፍ 3.3 ነው፤ ሶኒው 2.8፣ ጂ7 ኤክሱ ደግሞ 1.8። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። የቀዳዳውን ስፋት ከሴንሰሩ ስፋት ጋር አባዝታችሁ ብታሰሉት፣ ሶኒው በአንድ ጊዜ የሚሰበስበው ብርሃን ከ40 እጥፉ ካኖን ስድስት እጥፍ ሊጠጋ ይደርሳል፤ ጂ7 ኤክሱ ደግሞ ወደ 14 እጥፍ። በዚያች አምፖል ሥር ዋጋ ያለው ይህ ቁጥር ነው፤ ካርቶኑ ላይ ግን የለም።

ለፍትሕ ያህል፣ ባለ 40 እጥፉም ቀን አለው። ጥምቀትን ጃንሜዳ ከሕዝቡ ኋላ ቆመው የሚያነሱ ሰው በጠራራ ፀሐይ የጥላውን ዘርፍ አቅርቦ የሚያሳያቸው እሱ ነው፤ 1,200 ዶላሩ እዚያ አይደርስም። የወፍ ወዳጆችም አይቀየሙበትም። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን አብሯት ይገባል።

ስልክም በዚያው ቤት ውስጥ የሚናቅ አይደለም፤ በርካታ ምስል በቅጽበት አንስቶ ደራርቦ ጨለማውን ይሸፍናል። የሚቸገረው ሲያቀርብ ነው። አብዛኛው ስልክ ከሌንሱ በላይ አቅርብ ሲባል ምስሉን ይቆርጣል። 20 ሜጋፒክስል የነበረ ምስል ሁለት ጊዜ ሲቀርብ 5 ይቀረዋል፤ አራት ጊዜ ሲቀርብ 1.25። 10 በ15 ሴንቲሜትር በጥራት ለማሳጠብ ደግሞ 2 ሜጋፒክስል ያስፈልጋል። ስለዚህ ካሜራ ስትገዙ የምትከፍሉት ለምስሉ በሙሉ ሳይሆን ስልካችሁ ለማይሠራው ልዩነት ብቻ ነው። ልዩነቱ በዓመት አሥር ፎቶ ከሆነ ገንዘቡን ሌላ ሥራ ስጡት፤ ይህን ያልኩት ለእሷም ጭምር ነው።

በብር ስናስበው ነገሩ ይከብዳል። ሐምሌ 2024 ብር ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በባንክ ዋጋ 400 ዶላር 23,000 ብር ገደማ ነበር። ለስሌት እንዲቀል ዶላሩን በ150 ብንይዘው ያው ካሜራ 60,000፣ የሶኒው 180,000 ብር ነው። ነጋዴ ያስገባው ቢሆን ደግሞ የጉምሩክ ቀረጡን ዜሮ እናድርገውና፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲደረብ ብቻ 26.5 በመቶ ይጨመራል። ወር ሙሉ መስኮት ላይ ለሚያድር ዕቃ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያስር ባለ ሱቅ ጥቂት ነው። እዚህ አገር ሰው ካሜራ «ይዘሽልኝ ነይ» የሚለው ወዶ አይደለም።

ሦስት ቀን ቆይታ ደወለች። ጂ7 ኤክሱ የለም፤ ሱቁ ተመዝገቢና ጠብቂ ብሏታል። ያገለገለ ልግዛ ወይ አለች። ያገለገለማ ሞልቷል፤ ሶኒ የመጀመሪያውን አርኤክስ100 በ2012 ካወጣ በኋላ አዲስ በመጣ ቁጥር የቀድሞውን ከመደርደሪያ ሳያነሳ ለዓመታት ጎን ለጎን ሸጧል፤ ለየኪሱ የሚመጥን ዋጋ አስቀመጠ ማለት ነው። ሁሉም ባለ 116 ካሬ ሚሊሜትር ናቸው።

ችግሩ ሌላ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ያገለገሉ መኪናዎችን ይዞ እንዳሳየው፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ ገዢው ለደህናውም ለብልሹም አማካይ ዋጋ ያቀርባል፤ የደህናው ባለቤት በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ላይ ብልሹው ይቀራል። ለዚህ ሥራው በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። የኪስ ካሜራ ብልሽት ደግሞ ለመደበቅ የተመቸ ነው። እየተመዘዘ የሚገባ ሌንስ እንደ ወናፍ ነው፤ በወጣ ቁጥር አየር ይስባል፣ ከአየሩ ጋር አቧራ። አቧራው ሴንሰሩ ላይ ካረፈ በጨርቅ አይደረስበትም፤ ካሜራው ተፈትቶ ነው የሚጸዳው። የራሴ የድሮ ካሜራ በአንድ በጋ፣ መንገዱ ሲቆፈር፣ እንዲህ ሆኖ ቀርቷል፤ ጠጋኙ የጠየቀኝ ከካሜራው ዋጋ ይበልጥ ነበር።

«ከፍተሽ አሥር ጊዜ ዙሙን አውጪ፣ አስገቢ፤ የሚንቋቋ ድምፅ ካለ ተይው። ከዚያ ቀዳዳውን አጥብበሽ ነጭ ግድግዳ አንሺና ላኪልኝ» አልኳት።

ማታ ግድግዳው መጣ። በቀኝ በኩል፣ ከላይ፣ የተልባ ፍሬ የምታህል ግራጫ ነጥብ አለች። ሻጩ «እሷማ ፎቶ ላይ አትታይም» ብሏታል። «ካልታየች 100 ዶላር ይቀንስልሽ በይው» ብዬ ጻፍኩላት።

60 ቀነሰላት።