አሮጌ ላንድክሩዘር ሲገዛ ምን ይቀድማል?

ሰው ያገለገለ ላንድክሩዘር ሲገዛ ቀለም ለማስቀባት ይቸኩላል። ግን መኪና ከማማሩ በፊት መሄድ፣ ከመሄዱም በፊት መቆም አለበት!

1ኛ. ፍሬን፣ መሪና ጎማ። የፍሬን ዘይት ሲቆይ ከአየር እርጥበት ይስባል። እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል ያ ውሃ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። ያኔ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አልቆምም ይላል። ስለዚህ ዘይቱ ይቀየር፤ ቁልቁለቱም በከባድ ማርሽ ይወረድ።

2ኛ. የሞተር ዘይት፣ የራዲያተር ውሃና ቺንጋ። እነዚህ ችላ ከተባሉ ሞተሩ ይበላሻል።

3ኛ. አራቱንም ጎማ የሚያዞረው ክፍል። ይሄ ክረምት ገብቶ ጭቃው ሳይመጣ ይታይ።

4ኛ. ቀለም፣ የወንበር ልብስና ቴፕ።

እናንተም ቤታችሁ መኪና ከተገዛ «ፍሬኑ ታየ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።