በሳቅ መካከል ያለ ቁም ነገር

ልጅ በሚስቅበት ጊዜ ልቡ ክፍት ነውና የሰማውን ሁሉ ቶሎ ይቀበላል። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸው በቴሌቪዥን የሚመለከቱትን መመርመር ይገባቸዋል።

በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. በዲስኒ ኤክስ ዲ ጣቢያ የታየው «ኪኪን ኢት» የተባለው የልጆች አስቂኝ ቴአትር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ነገሩ ዝናው ዝቅ ስላለ አንድ የካራቴ ትምህርት ቤት ነው። መምህሩ ሩዲ ቀልደኛ ነው፤ ደቀ መዛሙርቱም ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ጃክ የተባለው ብላቴና ግን ጥበቡን ያውቃል፤ እርሱን ሆኖ የተጫወተው ሊዮ ሃዋርድም ካራቴን በእውነት የተማረ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን በኪም ላይ ይታያል። እርስዋ አስቀድሞ ከብርቱዎቹ ተወዳዳሪዎች ወገን ነበረች፤ ዳሩ ግን ጓደኞችዋ በማታለል እንደሚወዳደሩ ባወቀች ጊዜ ትታቸው ወደ ደካሞቹ ሄደች። ከሚያሸንፍ ወገን መለየት ለልጅ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ሳቁ። ርግጫውን ያለ መምህር በታናሽ ወንድማቸው ላይ እንዳይሞክሩ ከልክሉ። ሳቁም ሲያበቃ፦ «እናንተ በኪም ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሳቸውንም ሳትቈጡ አድምጡ።